የአንጓች ተቀባይ

ለቅሶ ባለበት ቀን አንጓች ከቤቷ የምትወጣበት ሥርዓት ነበራት። ለብ ያለ ውሃ ትጠጣለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትለብሳለች፣ በሩን ስትዘጋ አንዴ ጉሮሮዋን ጠርጋ ዝም ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት እስክትደርስ ድረስ መንገድ ላይ ሰላም ላላት ሰው እንኳ ራሷን በመነቅነቅ ብቻ ነበር የምትመልሰው። በእንዶድ ውሃ ከተማና በዙሪያዋ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄስ፣ ቀጥሎ አንጓች ትጠራ ነበር። ሙሾ አውራጅ ናት። ሟቹ ምን እንደነበረ፣ ማንን ትቶ እንደሄደ በሁለት ስንኝ ትናገርና በስሙ ታሳርፋለች፤ ከኋላዋ የቆመችው ተቀባይ ስሙን ታነሳና ትመልሰዋለች፤ ድንኳኑ የሚያለቅሰው ያኔ ነው።

ተቀባይዋ ደብሪቱ ነበረች። ከወጣትነታቸው ጀምሮ አብረው የዞሩ፣ አጥር ለአጥር የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው። ደብሪቱ ስትቀበል አትጮህም፣ ደረቷንም አትመታም፤ ሁልጊዜ በጉንጯ የማይጠፋውን ዝንጅብል ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ትንሽ ትጠብቅና፣ አንጓች የጣለችውን ስም ከወደቀበት እንደሚያነሳ ሰው ቀስ ብላ ከታች ታነሳዋለች። ሰው እንባውን እየጠረገ ሲበተን «አንጓች ጉድ ሠራችን፣ አንጓች አንጀታችንን በላችው» ይላል። ደብሪቱን ያነሳ ሰው አልነበረም። ደብሪቱም ነገሩን አንስታው አታውቅም።

ባለፈው ክረምት ደብሪቱ ሞተች። አንጓች ሌሎች ሴቶችን ሞከረች። አንዷ ቶሎ ትገባለች፣ ሌላዋ ትዘገያለች፣ ሦስተኛዋ ራሷ ታለቅስና መቀበሉን ትረሳዋለች። የተጣለው ስም ማንም ሳያነሳው ድንኳኑ መሐል ወድቆ ሲቀር፣ አንጓች እንደ እሳት የሚያቃጥል ሐፍረት ጆሮዋ ሥር ይሰማታል። ብዙም ሳይቆይ ወሬው ተነሳ። እቴ አንጓች ደክማለች፣ ጉሮሮዋ አልቋል፣ ድሮ ቀረ ተባለ። ከታች ሰፈር አንዲት ወጣት ሴት መጠራት ጀመረች። ጉሮሮዋ ያው እንደነበረ የምታውቀው አንጓች ብቻ ነበረች፤ አንዳንዴ እሷም ትጠራጠራለች።

ጌታሰው የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ከባህል ጽሕፈት ቤት የተላከ፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ የሚውል ትሑት ሰው ነው። አንጓች በረንዳ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ልጇ ትብለጥ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት መጥታ፣ ውስጥ መደብ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ውድድር ነው እትዬ አንጓች» አለ ጌታሰው። «መጀመሪያ በመቅረጫ ቀድቼ እልካለሁ፤ ካለፉ ዞን ሄደው በአካል ያቀርባሉ። ብቻዎን ነው ግን። ያለ ተቀባይ።»

«ያለ ተቀባይ? እንግዲያ ሙሾ ሳይሆን ጉሮሮ መጥረግ ነው በለኛ!»

ከውስጥ ትብለጥ ሳቀች። «እማ፣ አንቺ ጉሮሮ ስትጠርጊም ሰው ያለቅሳል እኮ።»

«አንቺ ዝም ብለሽ ሆድሽን ጠብቂ።»

«ዳኞቹ ናቸው እንዲህ ያሉት» አለ ጌታሰው። «አጃቢ ካለ ችሎታው የማን እንደሆነ አይለይም። ደካማው ከጎበዝ ጋር ሲቆም ጎበዝ ይመስላል፤ ጎበዙም ከደካማ ጋር ሲቆም ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ድምፅ ብቻውን ይመዘን ተባለ።»

አንጓች እጇን ምስሩ ውስጥ እንዳደረገች ቀረች። ሰው ሁሉ አንድ ዓመት ሙሉ በጀርባዋ ሲያወራው የከረመውን ነገር ይህ ሰው ፊት ለፊት፣ ያለ ክፋት፣ እንደ ዋዛ ተናገረው። ብቻዋን ምን እንደሆነች ማወቅ ፈለገች። በዚያች ሰዓት ከዚህ የበለጠ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

ችግሩ ሬሳ አለመኖሩ ነበር። ሰው ሳይሞት ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው፤ ስም የሌለው ሙሾ ደግሞ የለም። የቁም ሰው ስም ማንሳት ጨርሶ አይታሰብም፤ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ማውረድማ የባሰ ነው። አንጓች አሰበችና መላ ያገኘች መሰላት። የደብሪቱን ስም ታነሳለች። ደብሪቱ ሞታለች፣ አርባዋም ወጥቷል፤ ከእንግዲህ በእሷ ላይ የሚደርስ ምን አለ? ቦታውም የደብሪቱ ቤት ይሁን። ልጅ ስላልነበራት ቁልፉ የቀረው አንጓች ዘንድ ነው።

ቀኑ ፀሐያማ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ግን፣ መስኮቱ ከተዘጋ ስለከረመ፣ ጨለማው እንደ ረጋ ውሃ ወለሉ ላይ ተኝቶ ነበር። ጥላሸት፣ የአይጥ ኩስና የእርጥብ ጭቃ ግድግዳ ይሸታል። ጌታሰው በሩን ገርበብ አድርጎ መቅረጫውን በርጩማ ላይ አስቀመጠና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። አንጓች ዓይኗን ጨፍና አወረደች፦

ኋላ ኋላ ስትይ ስትከተይኝ ኖረሽ፣
ዛሬ ምነው ቀደምሽ አፈሩን ለብሰሽ፣
ደብሪቱ…

ስሙን ጥላ ዝም አለች። ከኋላዋ ባዶ እንደሆነ ታውቃለች፤ ባዶነቱን ለመቻል ትከሻዋን አጠንክራ ነበር። ዝምታው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከጨለማው ጥግ፣ ማድጋው ከተደገፈበት በኩል፣ ስሙ ከታች ተነሳ። ደብሪቱ፣ አለ ድምፁ፤ የራሱን ስም ያለ ኀዘን፣ ያለ ችኮላ፣ ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው አንስቶ መለሰው።

አንጓች ዘወር አላለችም። ለምን እንዳልዞረች በኋላ ደጋግማ ራሷን ጠይቃለች። መልሱ የሚያሳፍር ነበር፦ ሙሾው እንዳይበላሽባት ነው። ሁለተኛውን ስንኝ አወረደች፣ ሦስተኛውንም፤ እያንዳንዱ ስም ተነሳ፤ የገዛ ድምፅዋ ዓመቱን ሙሉ ያልነበረው ክብደት ሲገባበት ተሰማት።

ስትጨርስ ጌታሰው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እየጠረገ ነበር።

«ሰማኸው?» አለችው።

«እንዴት አልሰማ! እትዬ፣ ይህን የሚያህል ድምፅ ይዘው ነው ተቀባይ የሚፈልጉት?»

መቅረጫውን ከፍቶ አሰማት። አንጓች ሁለት ድምፅ ሰማች፤ የእሷና ከእሷ ኋላ የሚመጣው። ጌታሰው ፊት ላይ ግን የአንድ ሰው አድናቆት ብቻ ነበር፤ እጁን በአየሩ ላይ እያወዛወዘ፣ ሁለተኛው ድምፅ ሲገባ «እዚህች ጋ፣ እዚህች ጋ የሚሠሩት ነገር!» ይላል።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አንጓች እንደገና ትጠራ ጀመር። የአንድ ሽማግሌ ለቅሶ ላይ ማንም ሴት ከኋላዋ ሳትቆም አወረደችና ድንኳኑ ተናወጠ፤ ለወግ የመጡ ሰዎች እንኳ መሬት ላይ ተደፉ። የለቅሶ ባልደረባዋ የሺመቤት ወደ ቤት ሲመለሱ ክንዷን ያዘቻት።

«አንቺ ምን ቀምሰሽ ነው? ድምፅሽ እኮ ተመለሰ!»

«ማን ተቀበለኝ ዛሬ?»

«ማን ይቀበልሽ? ብቻሽን አይደል እንዴ የቆምሽው! ብቻሽንም እንዲህ ከሆንሽ፣ ምስኪን ደብሪቱን ዕድሜ ልኳን በከንቱ ነው ያንከራተትሻት።» ብላ ሳቀች።

አንጓች አብራ ልትስቅ ሞከረች። ጀርባዋ ላይ፣ ነጠላዋ ከአንገቷ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ አንድ ሰው ቀረብ ብሎ ሲተነፍስ እንደሚሰማው ያለ ሙቀት ነበር፤ ነፋሱ በሌላ በኩል ቢነፍስም አልሄደም።

መጀመሪያ ድምፁ የሚመጣው ለቅሶ ላይ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ቤት ውስጥም መጣ። አንጓች ሽንኩርት ስትልጥ ወይም ልብስ ስታጥብ ሳታስበው ታንጎራጉራለች፤ የመጨረሻዋን ቃል ስትለቃት ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቃሏ ተነሥታ ትመለሳለች። ማንጎራጎር ተወች። ከዚያ ወሬዋን ይቀበል ጀመር። «ውሃው ፈላ» ስትል፣ ቆየት ብሎ፣ ከታች፣ ፈላ። «በሩን ዝጊው» ስትል፣ ዝጊው። ትብለጥ አትሰማም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ልጅቱ የሕፃን ልብስ እያጣጠፈች ቀና አለችና አፍንጫዋን አሽተተች።

«እማ፣ ዝንጅብል ገዝተሻል እንዴ?»

«አልገዛሁም።»

«እዚህ ትራሴ ጋ ይሸተኛል። ሌሊትም እንደዚሁ ነበር።»

አንጓች ትራሱን አንስታ አራገፈችው። ምንም የለም። ሽታው ግን ነበር፤ የታኘከ፣ በምራቅ የራሰ ዝንጅብል፣ በሕይወት ካለ ሰው አፍ እንደሚወጣ ለብ ያለ። በማግስቱ ትራሱን ወደ እግርጌው አዞረችው፤ ሽታውም ወደ እግርጌው ዞረ።

ቅዳሜ ዕለት አንዲት ጎረቤት ሞታ አንጓች ተጠራች። አልሄድም ልትል ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን ሟቿ አንጓችን በልጅነቷ ጡት ያጠባቻት ሴት ልጅ ናትና እምቢ ማለት አይሆንም። አጭር አድርጋ ለመጨረስ ወሰነች። ስንኟን አወረደች፣ በሟቿ ስም አሳረፈች፣ ዝም አለች። ዝምታው ከወትሮው ረዘመ። ሴቶቹ ሲያቃስቱ፣ ሸራው በነፋስ ሲንቀጠቀጥ፣ ሩቅ አንድ ውሻ ሲያላዝን ትሰማለች። ከዚያ ድምፁ ተነሳ። የተነሳው ስም ግን አንጓች የጣለችው አልነበረም።

ትብለጥ፣ አለ ድምፁ።

አንጓች አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሴቶቹ ኀዘን አሸነፋት ብለው ደገፏት። እሷ ግን ገፍታቸው ወጣች፤ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ መንገድ ላይ ሲቀር ዞራ አላየችውም። ቤት ስትደርስ ትብለጥ በር ላይ ቆማ ቂጣ እየቆረሰች ትበላለች።

«እማ! ምን ሆነሽ ነው? ማን ሞተ?»

አንጓች ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የልጇን ሆድ በቀሚሷ ላይ ዳሰሰችው፤ ውስጡ ያለው ረገጠ። መልስ ልትሰጥ አልደፈረችም፤ የምትላት ቃል ሁሉ ከኋላዋ እንደሚነሳ አውቃለችና።

የሺመቤት ማታውኑ ልትጠይቃት መጣች። አንጓች ወደ ደጅ፣ ከብቶች ከሚታሰሩበት ወዲያ ወሰደቻትና በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«የቁም ሰው ስም ሙሾ ውስጥ ቢገባስ?»

«ኧረ በስመ አብ! ማን አስገባው?»

«ገባ እንበል።»

«አንዷ ሰጥታ፣ አንዷ ተቀብላው?»

«አይደለም። ሳይሰጥ፣ ተቀባይዋ ብቻዋን ብታነሳው።»

የሺመቤት አሰበች። «ታዲያ ምን አባቱ ይሆናል? እናቶቻችን ሲሉ የሰማሁት፣ ሰጪና ተቀባይ ሲገጥሙ ነው ስሙ ባለቤቱን ይዞ የሚሄደው። አንዷ ብቻዋን ብትለው ወሬ ነው፣ ነፋስ ይወስደዋል።» ከዚያ ፊቷን አጨማደደች። «የማን ስም ነው አንቺ?»

አንጓች ራሷን ነቀነቀች። ነገሩ ገባት። ደብሪቱ ተቀባይ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ከኋላ ነው የቆመችው፤ አንጓች ካልሰጠቻት ምንም ማድረግ አትችልም። እንግዲያ አትሰጣትም። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንጓች አፏን ዘጋች። ጉሮሮዋን አሟት ነው ብላ በምልክት ለትብለጥ አስረዳቻት፤ ትብለጥም ለሳቅ ያህል በምልክት ትመልስላታለች፤ ሁለቱ እንደ ዲዳ ሆነው ቤቱን ሞሉት። ከመጋረጃው ኋላ ግን ዝምታው ዝምታ አልነበረም። የሆነ ነገር እየጠበቀ ነበር። አፍ ተከፍቶ፣ ምላስ ዝንጅብሉን ወደ ጎን ሲገፋው፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲገባና እዚያው ተይዞ ሲቆይ ይሰማታል፤ ትንፋሹ ሲወጣ ግን ሰምታ አታውቅም።

ጌታሰው እየሮጠ መጣ። ዳኞቹ ቅጂውን ሰምተው ከሁሉ በላይ አድርገዋታል። ነገ ዞን ይሄዳሉ። አንጓች እምቢ ለማለት እጇን አነሳችና መሐል ላይ ተወችው። አንድ ነገር ታሰባት። ይህ ነገር የሚከተለው እሷን ነው። እሷ ከሄደች አብሯት ይሄዳል፤ ቢያንስ ለአንድ ቀን ከትብለጥ ትራስ ይርቃል። እዚያም ሰው ሁሉ ፊት ትቆምና አፏን አትከፍትም። ይሳቁባት። አርጅታለች፣ ደንዝዛለች ይበሉ። ሰው የማይፈልጋት ሙሾ አውራጅ ከሆነች፣ ማንም ለቅሶ ካልጠራት፣ ደብሪቱም የምትቀበለው አይኖራትም። ስሟን ትሰጣለች፤ ልጇን አትሰጥም።

ጠዋት የሺመቤትን ትብለጥ ጋ አስቀምጣት ሄደች።

አዳራሹ ሰፊ ነበር። በረጃጅሞቹ መስኮቶች የሚገባው ፀሐይ የወንበሮቹን ረድፎች አንድ በአንድ ያበራቸዋል፤ ጥላ የተባለ ነገር የለም፤ አዲስ የተቀባ ቀለም ይሸታል። ሦስቱ ዳኞች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ መሐል ላይ ያለችው ጠና ያለች ሴት ናት። አንጓች በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና፣ ጥርሷን ነክሳ፣ መድረኩ መሐል ቆመች።

«ይጀምሩ እናታችን» አለች ዳኛዋ።

አንጓች ዝም አለች። ወንበሮች ተንቋቁ። ከኋላ አንድ ሰው «ረሳችው መሰለኝ» አለና ሌሎች ሳቁ። ጌታሰው ከጥግ ሆኖ በእጁ ይቀጥሉ፣ ይቀጥሉ ይላታል። ሐፍረቱ እንደ ሙቅ ውሃ ከራሷ ጀምሮ ወረደባት፤ አንጓችም ደስ አላት፤ ይበል፣ ይጨምር አለች በልቧ። ጀርባዋ ላይ የነበረው ሙቀት የለም። ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፋስ አንገቷን ነካት። ከኋላዋ ማንም እንደሌለ እርግጠኛ ሆነች።

ከዚያ ዝንጅብሉ ሸተታት። ከፊቷ ነበር የመጣው።

አራስ ልትሆን መጥታ ከእናቷ ጓዳ፣
ገንፎው ሳይቀርብላት ሄደች እንደ እንግዳ፣
ትብለጥ…

ደብሪቱ ስታወርድ አንጓች ሰምታት አታውቅም። ማንም ሰምቷት አያውቅም። ድምፁ ከአንጓች ድምፅ የጠለቀ፣ የጠራ፣ ለስንት ዓመት ተይዞ እንደቆየ ውሃ የሚንደረደር ነበር። ሣቁ ቆመ። አዳራሹ በሙሉ የሚያየው ግን የአንጓችን ፊት ነው፤ የሚያለቅሱት ወደ እሷ እያዩ ነው። መሐል ያለችው ዳኛ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ልጇን ነው እኮ፣ የገዛ ልጇን ነው» ስትል ሰማቻት። አንጓች አይደለም፣ አልሞተችም፣ እኔ አይደለሁም ልትል ፈለገች፤ ግን አፏን ከከፈተች ድምፅ ይወጣል። ነጠላውን በጥርሷ ነከሰችው።

ሁለተኛው ስንኝ ወረደ። ትብለጥ፣ አለና አረፈ። ሦስተኛው ወረደ። ስሙ ባማረ ሁኔታ፣ ልክ በሚገባው ቦታ፣ ለማንሳት በሚመች ከፍታ ላይ ተጣለ፤ ከዚያ የተከተለው ዝምታ ምን እንደሚፈልግ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከአንጓች በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ነበር። ስሙ ወድቆ ሊቀር ነው። የነከሰችው ነጠላ ከጥርሷ ሾለከ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሙሾ ያወረደው ጉሮሮዋ እሷን ሳይጠይቅ ተከፈተ፤ አንጓችም የልጇን ስም ከታች፣ ቀስ ብላ፣ ባማረ ድምፅ ተቀበለች።